ሦስት ሚሊሜትር

ልብስ ሰፊ ናት፤ የምታለብሰው ግን ሰው አይደለም። በወጣትነቷ ፍራሽ ትሰፋ ነበር፤ ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ ፓራሹት። ፓራሹት ቤት ሳለች አንድም ቀን ስፌቷ ተተርትሮ ስለማያውቅ፣ ወደ ሕዋ የሚላኩ መሣሪያዎች የሚገጣጠሙበት ትልቅ መሥሪያ ቤት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አስጠርቶ ወሰዳት። እዚያ ረጅምና ቀጭን በመሆኗ፣ ደግሞም ስትናገር ስለምትወጋ፣ "ወስፌ" የሚል ስም አወጡላት። አልከፋትም። "ወስፌ ባይኖር ጫማችሁን ማን ይሰፋላችሁ ነበር?" ብላ አለፈችው።

ያን ሰሞን የከተማው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ማርስ ልትሄድ ስለተዘጋጀችው ተሽከርካሪ ሮቦት። ባለ ስድስት ጎማ ናት፤ ቁመቷ የቤት መኪና ያህላል። በሰዓት መቶ ሜትር እንኳ በቅጡ ስለማትሄድ ሠራተኞቹ "ኤሊዋ" ይሏታል። ስሙ ከግቢው አምልጦ ወጣና ከተማውን ሞላው። የፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ ሥዕሏ ተለጠፈ። የወስፌ ባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሚነዳው አውቶቡስ ጎኑ ላይ ኤሊዋ ከነጎማዋ ተስላበት ስለነበር፣ "ይቺን ያለበሰቻት ሚስቴ ናት" ሳይል አንድ ፌርማታ አያልፍም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጃቸው ደግሞ የኩሽናው በር ጀርባ ላይ በጠመኔ መስመር አስምራ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ትሰርዛለች።

በቤቱ ውስጥ ነገሩ ያልገባቸው፣ ወይም ያልገባቸው የሚመስሉት፣ አማቷ ብቻ ነበሩ።

"ሰው ብርድ ልብስ አጥቶ ይንቀጠቀጣል፣ እናንተ ለብረት ካባ ትደርባላችሁ" ይሏታል።

"እማማ፣ እዚያ እኮ ሲመሽ ብርዱ ከዜሮ በታች ሰማንያ ይደርሳል።"

"ታዲያ ምን አቅበጥብጧት ትሄዳለች?"

እውነትም ወስፌ የሰፋችው ብርድ ልብስ ነው። የኤሊዋ ባትሪ ያለበት ሣጥን ቅዝቃዜ እንዳይገድለው የሚጠቀለልበት፣ አሥራ አምስት ድርብ ያለው ልብስ። እያንዳንዱ ድርብ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ሆኖ ብር የመሰለ ቅብ አለው፤ በየመካከሉ ደግሞ መረብ የመሰለ ጨርቅ ይገባል። ማሽን ይቀደዋል፤ ስለዚህ በእጅ ነው የሚሰፋው። ነጭ ቱታ ለብሳ፣ ጓንት አጥልቃ፣ አፏን ሸፍና፣ አራት ወር ሙሉ ጎንበስ ብላ እየለካች፣ እየቆረጠች ሰፋችው።

ኤሊዋ ልትመጥቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወስፌ የመርፌ መዝገቡን ከፈተች። በስፌት ክፍሉ ሕግ መሠረት መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው በሙሉ ተለቅሞ ገጹ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ሰፊዋም "ሙሉ" ብላ ትፈርምበታለች። በማግስቱ ኤሊዋ የሮኬቱ አናት ላይ ባለው ቆብ ውስጥ ልትዘጋ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት መዝገቡ አንድ ጊዜ መታየት ነበረበት። አገላበጠች። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት የተሰበረች የራሷ መርፌ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ያዛት። ሁለት ስባሪ። አንዱ ዓይናማው፣ ሌላው መካከለኛው። ጫፉስ?

ማጉያ መነጽር አመጣች። በመለኪያው አንዱን ለካች፣ ሌላውን ለካች፣ ደመረች። ሠላሳ ሰባት ሚሊሜትር። ሙሉዋ መርፌ አርባ ናት። እንደገና ለካች፤ ያው ሠላሳ ሰባት። ከሥሩ ደግሞ በገዛ እጇ ጽሕፈት "ሙሉ" ይላል፤ ፊርማዋም አለ።

ያን ቀን ትዝ አላት። መርፌዋ እንደተሰበረች "ለመታሰቢያ ፎቶ ሁላችሁም ውጡ፣ ፎቶ አንሺው ቸኩሏል!" ተብሎ ተጣራ። እሷም ከፎቶው መቅረት አልፈለገችም፤ ያገኘችውን ለጠፈች፣ ፈረመች፣ ሮጠች። ሦስት ሚሊሜትር የምታህል ስለት የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ወለሉ ላይ ወድቃ ተጠርጋ ይሆናል። ከብርድ ልብሱ ድርቦች መካከል ተሸጉጣም ይሆናል። ምድር ላይ ሳለች አርፋ ትቀመጣለች፤ ከሮኬቱ ጋር ከወጣች በኋላ ግን ክብደት የሚባል ነገር ስለሌለ እንደ ትንኝ ትንሳፈፋለች፤ ሁለት ሽቦ መካከል ገብታ ካረፈች የሰባት ዓመት ልፋት በአንዲት ብልጭታ አለቀ ማለት ነው።

መዝገቡን አቅፋ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። ድሮ ፓራሹት ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ሲሰፉ የነበሩ ናቸውና "አንተ" "አንቺ" ይባባላሉ።

"ጫፏ የለችም" አለችውና ገጹን አሳየችው።

አየ። በሩን ዘጋ። "ሌላ ማን አይቷል?"

"እኔ አይቻለሁ።"

"ከአንቺ ሌላ ማለቴ ነው።"

"እኔ አልበቃም?"

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመ ሰው ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል በቅጡ አልተኛም። "ስሚኝ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "ማርስ ለእኛ የምትቀርበው ለሃያ ቀን ነው። ያ ካለፈ ሌላ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሦስት ሚሊሜትር ለማትሞላ ነገር ይኼን ሁሉ ሕዝብ ልታስቆሚ ነው? ያን ቀን ልብ ብለሽ ብታዪ ኖሮ!"

"ልክ ነህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ለዚህ እኮ ነው የምጮኸው።"

ራጅ አንሺው ተጠራ። ከሰዓት በኋላ ያን ተንቀሳቃሽ መሣሪያውን እየገፋ መጥቶ ከሁለት ወገን አነሳ። ሥዕሉ በመስኮቱ ብርሃን ሲታይ ብርድ ልብሱ ልክ እንደ ጉም ነበር፤ የባትሪው ሣጥን ግን ነጭ ግድግዳ ሆኖ ግማሹን ሸፍኖታል።

"በዚህ በኩል የለችም" አለ ራጅ አንሺው። "ከሣጥኑ ጋር የተጣበቀው ወገን ግን አይታየኝም።"

"ይኸው፣ የለችም!" አለ ኃላፊው እፎይ ብሎ፤ ልብሱ እንከን የለውም የሚለውን የማረጋገጫ ወረቀት አውጥቶም ብዕሩን ዘረጋላት። "ፈርሚ።"

"'አይታየኝም' ነው ያለው። 'የለም' እና 'አይታየኝም' ከመቼ ወዲህ ነው የተዛመዱት? ብርድ ልብሱ ይፈታ።"

"አልፈርምም እያልሽ ነው?"

"እያልኩ አይደለም፤ ብያለሁ።"

ኃላፊው ዞር ብሎ ከወስፌ ቀጥሎ ያለችውን ሰፊ፣ "ድንቡሼ" የሚሏትን ክብ ያለች ሴት አያት። ድንቡሼ ከነገር ሸሽታ የምትኖር፣ በስብሰባ ላይ እንኳ አስነጥሷት የማታውቅ ሴት ናት። ብዕሩን አየችው፣ ወስፌን አየቻት፣ ጓንቷን አጠለቀች።

"እኔ ያልሰፋሁት ላይ ስሜን አላሳርፍም" አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

ወሬው ከወስፌ ቀድሞ ግቢውን አዳረሰ። ልብስ መለወጫው ጋ ስትደርስ ጎማ ከሚገጥሙት አንዱ፣ ሁሌ ሰላምታው የሚሞቅ ልጅ እግር፣ ፊቱን አዞረባት። ሌላው ለጓደኛው፣ ግን እንድትሰማ አድርጎ፣ "አንዷ መርፌ ጣለች፣ አራት መቶ ሰው ይፈልግላት" አለ።

"አራት መቶ አያስፈልግም፤ እኔው እበቃለሁ" አለችውና የመውጫ ሰዓት ካርዷን መትታ ወጣች።

ቤት ስትደርስም ጉዱ ደርሷል። ባልየው ከአንድ ተሳፋሪ ሰምቶ ነበር። እራት ቀርቦ ከአማቷ በቀር ማንም አልነካም።

ልጅቷ ነች ቀድማ የፈነዳችው። "ለክፍሌ ልጆች በሙሉ እናቴ ናት ያለበሰቻት ብያለሁ እኮ! አሁን በአንቺ ምክንያት ብትቀርስ? ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ከሁለት ወር!"

"አውቃለሁ፤ ከአንቺ ይልቅ እኔን ይቆጨኛል።"

"ታዲያ ለምን አትፈርሚም?"

"ስለማላውቅ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አንድ ጊዜ ፈርሜ ነው እዚህ የደረስነው።"

ልጅቷ ጠመኔዋን ወርውራ ወደ ክፍሏ ገባች። ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እንኳ…" አለ፤ "ማለቴ፣ የፈለግሽውን አድርጊ። ግን አንድ ነገር ቢመጣብሽ…"

"አንተ፣ ፍሬን የሚያጠራጥር አውቶቡስ ተሳፋሪ ጭነህ ቁልቁለት ትወርዳለህ?"

"አልወርድም።"

"በቃ።"

ይኼን ሁሉ ጊዜ ያኝኩ የነበሩት አማቷ ቀና አሉ። "ይህች ሴት ቤቴ ከገባች ጀምሮ ድርቅ ናት ስል ኖሬያለሁ" አሉ። "ድርቅ ናት አልኩ እንጂ ተሳስታለች ብዬ አላውቅም። ያ ልብስ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በቅዳሜ ገበያ እንደተገዛ ሸሚዝ ይተረተር ነበር። ብሉ አሁን፣ ቀዘቀዘ።"

በማግስቱ ጠዋት ዋና መሐንዲሷ ራሷ ወደ ስፌት ክፍል መጣች። ሽበት የወረሳት፣ ቁጣዋ በድምፅ ሳይሆን በዝምታዋ የሚታወቅ ሴት ናት፤ ኤሊዋን ከወረቀት ላይ መስመር ጀምራ እዚህ ያደረሰቻት እሷ ናት። ከኋላዋ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ኋላ ደግሞ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ የማምጠቂያው ተጠሪ። ወስፌ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አንቺ ነሽ?" አለች ዋና መሐንዲሷ።

"እኔ ነኝ።"

"መርፌዋን የሰበርሻት?"

"እኔ ነኝ። 'ሙሉ' ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።"

"ለመፍታት ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"አንድ ቀን። ድርቦቹ ተቆርጠው ያለቁ ስለሆኑ መልሶ ለመስፋት ሁለት። ድንቡሼ ካገዘችኝ።"

ተጠሪው ጣልቃ ገባ። "ሦስት ቀን! የአየር ጠባዩ ቢበላሽስ? አንድ ዝናብ ከመጣ እኮ…"

ዋና መሐንዲሷ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። "ፈትተን ባናገኛትስ?" አለቻት ወስፌን።

"አለመኖሯን እናውቃለን።"

"ለዚያ ሦስት ቀን?"

"እርስዎ ለዚህች ሰባት ዓመት ሰጥተዋል። እኔ ሦስት ቀን ነው የጠየቅሁት። ባይፈቅዱም አልፈርምም፤ ከሥራ ቢያስወጡኝም አልፈርምም። ሌላ የሚፈርም ካለ ግን መርፌዋ የኔ እንደሆነች እያወቀ ይፈርም።"

የኃላፊው ፊት ደም መሰለ። ዋና መሐንዲሷ የራጁን ሥዕል ወደ መብራቱ አንስታ ያንን ነጭ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ፍቺው" አለች በመጨረሻ፤ ሥዕሉንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ፈታችው። አራት ወር የለፋችበትን በትንሿ መቀስ ክር በክር በጠሰችው። ከሣጥኑ ላይ አውልቀው ከሥሩ መብራት በበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉትና አንድ አንዱን ድርብ አነሱ። አንደኛው፣ ምንም። አምስተኛው፣ ምንም። ሰው ሥራውን ትቶ ከመስታወቱ ግድግዳ ማዶ ተኮልኩሎ ያያል። አሥረኛው ላይ አንዲት ነገር ብልጭ ስትል ድንቡሼ "እሷ ናት!" ብላ ጮኸች፤ ሲያጎሉት የቅቡ ጭረት ሆነ። አሥራ አምስተኛውን ወስፌ ራሷ አነሳችው።

ምንም የለም። መረቡም ተራገፈ፣ ሣጥኑም በማጉያ ተፈተሸ። ምንም።

ከመስታወቱ ማዶ አንዱ አጨበጨበ፤ የማሾፍ ጭብጨባ ነበር፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ኃላፊው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ "ደስ አለሽ?" አላት።

ወስፌ ማጉያውን አስቀመጠች። ውስጧ ተቃጥሏል፤ አንዲት ስባሪ ብረት ብትገኝ ኖሮ ይኼ ሁሉ ሰው ዛሬ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋት ነበር። እንባዋ እስከ ዓይኗ ጫፍ መጣ፤ እሷ ግን መለሰችው።

"አዎ፣ ደስ ብሎኛል" አለችው። "ትላንት አናውቅም ነበር። ዛሬ እናውቃለን። አሁን ዞር በልልኝ፣ የምሰፋው አለኝ።"

ሁለት ቀን ሙሉ ሰፉ። ድንቡሼ ከአንድ ጫፍ፣ ወስፌ ከሌላው። ከመጀመሪያው የተሻለ ወጣ፤ እጅ አንድ ጊዜ የሄደበትን መንገድ ያውቃልና። መዝገቡን ከፍተው መርፌዎቹን ሁለቴ ቆጠሩ፣ ሁለቱም ፈረሙ። ጋዜጦቹ "ለተጨማሪ ምርመራ በሦስት ቀን ተራዘመ" ብለው ጻፉ።

ኤሊዋ ከቆቡ ውስጥ በተዘጋች ዕለት ኃላፊው ወስፌን ጠርቶ ደብዳቤ ሰጣት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ሁለት መስመር አለው። አንደኛው "መዝገብ ሳያጣሩ በመፈረም" ይላል። ሁለተኛው "የበላይ ትእዛዝ ባለመቀበል፣ ሥራ በማጓተት"። ከዚያ በታች ወደ ማሸጊያ መጋዘን መዛወሯን ይገልጻል። ለእሷና ለቤተሰቧ የተሰጠው የመመልከቻ ሰገነት መግቢያ ካርድም እንድትመልስ ታዝዛለች።

አነበበችው። ብዕር አነሳች። ሁለተኛውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው፤ ከመጀመሪያው ሥር ብቻ ፈረመች።

"ምን እያደረግሽ ነው? ደብዳቤ ይሰረዛል እንዴ?"

"የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ይገባኛል። ሁለተኛው ግን ሥራዬ ነው። በሥራዬ ይቅርታ አልጠይቅም።"

"ወስፌ፣ በገዛ እጅሽ ራስሽን እየወጋሽ ነው።"

"ካርዶቹ እነዚህ ናቸው፤ አራት ናቸው" አለችና ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች።

የማምጠቂያው ቀን ጠዋት ባልየው ፈራ ተባ እያለ፣ "በቴሌቪዥን እናየዋለን፣ ምን ችግር አለ?" አለ።

"በእጄ ያለበስኳትን በቴሌቪዥን? ሰማይ እኮ የመግቢያ ካርድ አይጠይቅም። ተነሱ!"

ከማምጠቂያው ሜዳ ማዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ጋን ያለበት ኮረብታ አለ። ሲደርሱ ሰገነት ያላገኘው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ነው። ሕፃን ያዘለ፣ መነጽር ያንጠለጠለ፣ ወንበሩን ተሸክሞ የመጣ። አማቷ ሳይቀሩ ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተዋል፤ "ካባዋን ለብሳ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" ይላሉ። ልጅቷ ሬዲዮዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ከእናቷ ጋር ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ በቅጡ አልተነጋገሩም። ሮኬቱ ከሩቅ ነጭ እርሳስ መስሎ ቆሟል።

አሥር ደቂቃ ሲቀር ሬዲዮው "ቆጠራው ለጊዜው ቆሟል" አለ። ከኮረብታው "ኧረ!" የሚል ድምፅ ወጣ። አንድ ቀልደኛ ከመሐል፣ "ያቺ ሴትዮ ሌላ መርፌ ጠፋባት መሰለኝ!" አለ። ሕዝቡ በሳቅ አወካ።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ወስፌ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ተነስታ ቆመች፤ ረጅም ናትና ከሁሉም በላይ ታየች።

"ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ!" አለች፣ እስከ ጋኑ በሚደርስ ድምፅ። "መርፌዬ አልተገኘችም። ከኤሊዋ ላይ ግን የለችም፤ ከእናንተ ውስጥ የልብሱን አሥራ አምስቱን ድርብ ያየ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ቀልደኛው አንገቱን ቀበረ። ያኔ ልጅቷ ሬዲዮውን ለአያቷ ሰጥታ ድንጋዩ ላይ ወጣችና ከእናቷ ጎን ቆመች፤ "የኔ እናት ናት!" ብላ እሷም ጮኸች። እንዴት እንደሆነ አይታወቅም፤ አንዲት አሮጊት አጨበጨቡ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ኮረብታው በሙሉ። የዛሬው ጭብጨባ የማሾፍ አልነበረም።

ደመና ነበር ያስቆመው፤ አለፈ። ቆጠራው ቀጠለ። ሕዝቡ ከሬዲዮው ጋር እኩል ቆጠረ፤ አማቷም ከሰባት ወደ አምስት ዘለው ቆጠሩ። መጀመሪያ ብርሃኑ መጣ፤ ድምፅ አልነበረም። ነጯ እርሳስ በእሳት ላይ ቆማ፣ እንደሚያመነታ ሰው ጥቂት ቆይታ፣ ተነሳች። ከዚያ ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ደረሰና የሰውን ደረት እንደ ከበሮ መታው። ባልየው ቆቡን አውልቆ ወረወረ፤ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አያውቅም። ልጅቷ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ትዘላለች። ወስፌ ግን አልዘለለችም። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ሂጂ!" አለች። "ሂጂ የኔ እመቤት! ማንንም አትስሚ፣ ሂጂ!" ድምፁ ውጦት ማንም አልሰማትም። ጭሱ ብቻ ሰማዩ ላይ እስኪቀር ድረስ መጮኋን አላቋረጠችም።

ሰኞ ወደ ማሸጊያ መጋዘኑ ገባች። በሦስተኛው ሳምንት ዋና መሐንዲሷ ካርቶኖቹን እየተራመደች መጥታ የባትሪው ሣጥን ሙቀት እንደታሰበው መሆኑን ነገረቻት። "ሁለተኛ ኤሊ ልንሠራ ነው፤ ወደ ስፌት ተመለሺ" አለቻት።

"ሁለተኛው መስመር ከፋይሌ ይውጣ፤ እመለሳለሁ።"

"እሱ የኔ ሥልጣን አይደለም።"

"እንግዲያው እዚሁ ነኝ። ካርቶንም ሰው ይፈልጋል።"

ዋና መሐንዲሷ ሳቀች፤ ግን ማመልከቻውን ራሷ ጻፈች። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አምስት ወር ፈጀ። አማቷ "ኤሊዋ ትቀድመዋለች" አሉ፤ ሳትቀድመው ቀረች። ማርስ ልትደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ደብዳቤው መጣ፤ ሁለተኛው መስመር ተነስቷል፤ የመጀመሪያው እንዳለ ነው። ወስፌም "እሱ ይቆይ" አለች።

በማግስቱ ኃላፊው የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

"መጣሽ?" አላት።

"ወዴት ሄጄ ነበር?" አለችውና ነጩን ቱታዋን ከመስቀያው አነሳች።